ስለ ብረት ሥራ ጥንታዊ ነውርና ስለ ጡረተኛው ደስታ

ከቄራ በጎፋ በኩል ወደ መካኒሳና ወደ ላፍቶ የሚወርደውን መንገድ፥ ወይም ወደ ለቡና ወደ ጀሞ የሚዘልቀውን ጎዳና በሥራ ቀን ማለዳ የሚያልፍ ሰው፥ ከመኪናው ጡሩምባና ከታክሲ ረዳቱ ጥሪ ጋራ ተደባልቆ የሚሰማው የብረት ድምፅ ነው። በርና መስኮት የሚበይዱት ወጣቶች፥ ላሜራ የሚቀጠቅጡት፥ ከአሮጌ መኪና የወለቀ ባሌስትራ አግለው መጥረቢያና ዶማ የሚያወጡት ባለሙያዎች በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ሥራቸውን የሚሠሩት በመንገድ ዳር፥ ሕዝብ እያየ ነው፤ የሚያፍር ሠሪም፥ የሚሸሽ ተመልካችም የለም። ይህ ነገር ለዛሬው ትውልድ የተለመደ ሆኖ ቢታየውም፥ ብረት በአደባባይ፥ ያለ ነውርና ያለ ስድብ መቀጥቀጡ በሀገራችን ረጅም ታሪክ ውስጥ ገና ትናንት የመጣ ነገር ነው።

በነዚሁ ሰፈሮች፥ ከግንብ አጥር በስተጀርባ፥ ሌላ ዓይነት፥ ዝግ ያለና ዕረፍት የሚበዛበት የመዶሻ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ እንጀራ ፍለጋ የሚሠራ ሰው ድምፅ አይደለም። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በትምህርት ቤት ወይም በፋብሪካ አሳልፎ፥ 60 ዓመት ሲሞላው ወደ ቤቱ የተሰናበተ ሰው፥ በጓሮው ትንሽ ምድጃ ሠርቶ፥ ማንም ሳያዘው ቢላዋ የሚያወጣበት ድምፅ ነው። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ስለ ሆንሁ ደስታውን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ይህ ሥራ ያለፈበትን መንገድ ሳያነሡ ደስታውን ብቻ ጽፎ መሄድ ዕዳ ሳይከፍሉ ማለፍ መስሎ ስለ ታየኝ ታሪኩን አስቀድማለሁ።

ብረት በሀገራችን ጥንታዊ ክብር ያለው ነገር ነው። በመጀመሪያው መቶ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ ጉዞ መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል መጥረቢያንና ሰይፍን፥ ከህንድ አገር የሚመጣውንም ብረትና ጽኑ ብረት ይቈጥራል፤ ብረቱም ዝሆንና ሌላ አውሬ ለሚታደንበት፥ ጠላትም ለሚወጋበት ጦር እንደሚሆን ይናገራል። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ፥ የአክሱም ንጉሥ የሚልካቸው ሰዎች ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ አገር ሲዘልቁ በሬ፥ ጨውና ብረት ይዘው እንደሚሄዱ፥ ወርቁንም በነዚህ እንደሚለውጡ ጽፏል። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቈይቶ፥ በ1510ዎቹ ዓመታት በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት ምድር ብረት በአካፋ መልክ እየተቀጠቀጠ ከጨው ጋራ ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቷል። ስለዚህ ያ ዛሬ በየግቢያችን ማእዘን ዝጎ የምናየው ቁራጭ አንድ ጊዜ በወርቅ የሚለወጥ፥ ሌላ ጊዜም ራሱ ገንዘብ የሆነ ነገር ነበር።

ብረት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብቻ አልነበረም፤ የገዛ አፈራችንም ይሰጠው ነበር። በደቡብ ኦሞ በኩል የሚኖሩት የዲሜ ሰዎች ብረትን ከአፈሩ በማውጣት ስማቸው የታወቀ ነበረ፥ ሥራውም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ቈይቷል። በሀገራችን በልዩ ልዩ ስፍራ የነበረው ሥርዓት በዝርዝሩ ቢለያይም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ከሸክላ ጭቃ እቶን ይሠራል፥ የብረቱ አፈርና ከሰሉ ተራ በተራ ይነጠፋል፥ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ጥንድ ወናፍም በግራና በቀኝ እጅ እየተፈራረቀ ነፋሱ ሳይቋረጥ በጭቃ ቧንቧ ወደ እሳቱ ልብ ይገባል። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፥ የወናፍ እሳት ከዚህ በታች ስለሚቀር፥ በእቶኑ ውስጥ የሚቀልጠው ብረቱ ሳይሆን አፈሩና ድንጋዩ ነው፤ እርሱ የብረት አር ሆኖ ሲፈስስ፥ ብረቱ የተቦረቦረ፥ ቆሻሻ የተቀላቀለበት እብጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ እብጥ ደግሞ እየጋለ፥ እየተቀጠቀጠ፥ እየታጠፈ፥ እንደገና እየጋለ ቆሻሻውን ሁሉ በመዶሻው ኃይል ይተፋል። አንድ ማረሻ ለማውጣት ይህን ያህል ድካም ያስፈልግ እንደ ነበረ ስንረዳ፥ ገበሬው ሲሰብረው ለምን ያለቅስ እንደ ነበር እናስተውላለን።

ይህን ድካም የሚደክመው ሰው ግን ምን ክብር አገኘ? ቅዱሳት መጻሕፍት ለእጅ ሥራ ነውር አላስተማሩም። በኦሪት ዘፍጥረት 4ኛው ምዕራፍ ነሐስና ብረት የሚሠራው ሰው ከሰው ልጆች የመጀመሪያዎቹ ጠቢባን ጋራ ተቈጥሯል። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ አንጥረኛውን በመስፉ አጠገብ ተቀምጦ፥ የእቶኑ ወላፈን ሥጋውን እያከሰለው፥ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን እየሞላው፥ ዓይኑን ግን ከሚሠራው ዕቃ ምሳሌ ሳያነሣ ያሳየናል፤ ያለ እንዲህ ያሉ ሰዎችም ከተማ ሊሠራ እንደማይችል ይመሰክራል። ጌታችን በጸራቢው በዮሴፍ ቤት አደገ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው ሥርዓተ ጳኩሚስም መነኮሳቱን ከጸሎቱ ጋራ ተግባረ እድን አዝዟቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያነብ፥ የሚያስነብብና የሚተረጕም ሊቅ ባለበት አገር ብረት ቀጥቃጩ የተናቀ መሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ሲያሳዝነኝ ይኖራል።

የንቀቱ ሥር፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከሃይማኖት ይልቅ ከመሬት ላይ ነው። መሬት የክብር ሁሉ መሠረት በሆነበት አገር፥ ርስት የሌለው ሰው በእጁ ብቻ መኖር ግዴታው ነበረ። በ15ኛው መቶ ዘመን በነገሡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዲወርስ፥ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን መታዘዙ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ቤተ እስራኤል በጎንደርና በሰሜን አካባቢ በብረት ሥራ፥ በግንብ፥ በሽመናና በሸክላ እንዲኖሩ ሆነ። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ የዚህ ታሪክ ምስክር ናት። በሸዋም በ1830ዎቹ መጀመሪያ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የነበረው ሚስዮናዊው ክራፕፍ በአንኮበር አካባቢ ባለ ዱር ውስጥ ጠቢባን ተብለው ስለሚጠሩ፥ በእጅ ሥራ ስለሚኖሩ ሰዎች ጽፏል። በኦሮሞው ዘንድ ቱምቱዎች፥ በሌላውም ስፍራ ሌሎች፥ በየሀገሩ ስማቸው ቢለያይም ዕጣቸው አንድ ነበረ፤ ባልየው ብረት ሲቀጠቅጥ ሚስትየው ሸክላ ትሠራለች፥ ከነርሱም ጋራ ጋብቻ አይደረግም፥ በማዕዳቸውም የሚቀርብ አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ቡዳ መባል ነው። በ1800 ዓ.ም ግድም በትግራይ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፥ ሕዝቡ አንጥረኛውን በሌሊት ወደ ጅብነት የሚለወጥ ሰው አድርጎ ያምንበት እንደ ነበር፥ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለበት ጅብ ታየ እስከ ማለትም ድረስ ይወራ እንደ ነበር ጽፏል፤ ከርሱ በኋላ የመጣው ማንስፊልድ ፓርኪንስም ይህንኑ ወሬ በሰፊው መዝግቦታል። ልጅ ሲታመም፥ ላም ወተቷ ሲደርቅ፥ ሙሽራ ስትደክም ዓይን የሚጣልበት በመንደሩ ዳር ጎጆ የቀለሰው ባለ እጅ ነበረ።

ይህን ነገር እኔ ራሴ ብረት ማጋል እስክጀምር ድረስ የድንቁርና ነገር ብቻ አድርጌ እቈጥረው ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፥ የራሴ ግምት እንጂ የሊቃውንት ምስክርነት እንዳልሆነም አስቀድሜ እናገራለሁ። የጋለ ብረት ሙቀቱን የሚናገረው በቀለሙ ነው፤ ጥቁሩ ብረት ዳማ ይሆናል፥ ከዚያ እንደ ቼሪ ፍሬ ይቀላል፥ ከዚያም ብርቱካን፥ ከዚያም ቢጫ ይመጣል፤ ከዚህም ያለፈ ነጭ ሆኖ ብልጭታ ሲረጭ መቃጠል ጀምሯል። ይህን ቀለም በቀትር ፀሐይ ማንም ሰው ሊለየው አይችልም፤ በብርሃን ውስጥ የቀላው ብረት ገና ጥቁር መስሎ ይታያል፥ ሠሪውም ከልክ በላይ ያግለዋል፥ ስለቱም ይጠፋል። ስለዚህ ብረት ሠሪ ሁሉ፥ በጃፓንም ቢሆን በጎንደር፥ ጨለማ ይፈልጋል፤ ጎጆው መስኮት የለውም፥ ወይም ሥራውን በማለዳና በምሽት ይሠራዋል። በውጭ የሚያልፈው ገበሬ የሚያየው ግን በጨለማ ቤት ውስጥ እሳት፥ በእሳቱም ፊት ላይ በላብ የራሰ ሰው፥ ደምም የመሰለ የሚያበራ ነገር ነው። የጥንቃቄ ሥራ የነበረው ጨለማ ለተመልካቹ የምሥጢርና የአስማት ጨለማ ሆነበት። ይህ ግምቴ እውነት ከሆነ፥ ያ ሰው ይሰደብ የነበረው በሙያው ጉድለት ሳይሆን በሙያው ትክክለኛነት ነበር ማለት ነው።

የርሱም እጅ ሥራ የማይገባበት ቤት አልነበረም። ማረሻው የርሱ ነው፥ ማጭዱ የርሱ ነው፥ ወስፌው፥ ምላጩ፥ ወረንጦው የርሱ ነው። ሁዳዴ ተፈትቶ የትንሣኤው በግ በስመ አብ ተብሎ የሚባረክበት ካራ፥ ቅርጫው የሚከፈልበት፥ ቁርጡም በማዕድ ዙሪያ ከአፍ ፊት የሚቈረጥበት ቢላዋ ሁሉ ከተናቀው ሰው መስፍ ላይ የወጣ ነው። በሰም ቀርጾ፥ በሸክላ ሸፍኖ፥ ናሱን አቅልጦ የሚያፈስሰው ባለ ጥበብም ሕዝቡ የሚሳለመውን መስቀል አውጥቷል። ሕዝቡ ሥራውን ይሳለማል፥ ሠሪውን ግን ይሸሻል፤ ሥራውን በመከር ጊዜ በእህል ከፍሎ ይወስዳል፥ እህሉን ሲሰጥ ግን እጁ የሠሪውን እጅ እንዳይነካ ይጠነቀቃል።

ይህን የተገነዘቡ ነገሥታት አልጠፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ቫልድማየርን፥ ዛልሙለርን፥ በፖላንድ የተወለደውን ሞሪትስ ሃልን፥ ሌሎችንም ፈረንጆች ከሀገር ልጆች ጋራ አሰባስበው መድፍ አሠሩ፤ ከሁሉም የበለጠው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው፥ መንገድ እየተቈፈረለት፥ በሺህ በሚቈጠር ሰው እየተሳበ ወደ መቅደላ ወጣ፥ ንጉሠ ነገሥቱም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ በዚያው ተራራ ላይ ቀርቶ እስከ ዛሬ ይታያል። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል፥ እኔም እዚህ ላይ አልደግመውም፤ ለዚህ ነገር የሚጠቅመን አንድ ንጉሥ የእቶኑን ሥራ ለመንግሥት ክብር እንደሚገባ ሥራ ቈጥሮ ራሱ በቦታው እየተገኘ መከታተሉ ነው።

ለእኔ ግን ከሰባት ቶኑ መድፍ ይልቅ የሚከብደው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ያወጡት ዐዋጅ ነው። በዚያ ዐዋጅ ንጉሠ ነገሥቱ አንጥረኛውን በጠይብነቱ፥ ሸማኔውን በሽመናው፥ ጸሐፊውን በጽሕፈቱ፥ እንዲሁም ሌላውን ሠራተኛ በሙያው እያነሣ የሚሰድበውን ሰው ሁሉ ገሠጹ። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ አንድ መሆኑን፥ በፈረንጅ አገር የእጅ ጥበብ ያለው ሰው የሚመሰገንና የሚሾም መሆኑን፥ በኛ አገር ግን በስድብ ምክንያት ሠራተኛው ሥራውን እየተወ አገሪቱ ባዶ እየሆነች መሄዷን አስረዱ፤ ከእንግዲህም ወዲህ ሠራተኛውን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቈጥሮ በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። ይህ ዐዋጅ በአንድ ጊዜ የሰውን ልብ አልለወጠም፥ ዐዋጅም እንዲህ ያለ ኃይል የለውም፤ ነገር ግን ነውሩን የሥርዓት አካል ከመሆን አውጥቶ በደል አደረገው፥ በዳይና ተበዳይም በስም ተለዩ።

በዚያው ዘመን የመኳንንቱ ጎራዴ ስለት ከጀርመኗ ከዞሊንገንና ከእንግሊዙ ከዊልኪንሰን እየመጣ ነበር፤ የይሁዳ አንበሳ በላዩ ለተቀረጸበት ስለት የሀገሬው ሠራተኛ ከአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያበጅለት፥ በቆዳም አፎት ይሸፍነው ነበር። ዞሊንገን በካራና በሰይፍ ሥራ የከበረች፥ ከመቶ ዓመታት ጀምሮ ሠሪዎቿ በማኅበር ተደራጅተው በሥራቸው ላይ ምልክታቸውን እየመቱ በክብር የኖሩባት ከተማ ናት። የጀርመኑ ቀጥቃጭ ስሙን በብረቱ ላይ ሲጽፍ የኛው ስሙን ይሸሽግ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል ሕዝብ ዘወትር ተጐጂ መሆኑን ሲያስረዱ፥ የኢኮኖሚ ነገር ብቻ ሳይሆን የዚህንም ነውር ዋጋ እያሰሉ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1909 ዓ.ም የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲገባ ሐዲዱና መለዋወጫው፥ በኋላም የመኪናው ባሌስትራ፥ አፈር ከማቅለጥ ድካም ሠሪውን ገላገለው፤ የብረቱ አፈር እቶን ቀስ በቀስ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከነጻነት በኋላ የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የመነኮሳቱን የእጅ ሥራ ስም ለቶርኖና ለሞርሳ ሰጠ፥ የባላባቱም ልጅ የገበሬውም ልጅ በአንድ ዎርክሾፕ ውስጥ ቱታ ለብሰው ቆሙ። በየካቲት 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ ለአንጥረኛውም መሬት የመያዝ መብት ሰጠው፤ ስለ ዐዋጁ ሌላ ብዙ የሚባል ቢኖርም፥ ርስት ማጣትን ከብረት ሥራ ጋራ አስሮ የኖረው ገመድ በሕግ የተቈረጠው በዚያን ቀን ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜሉን ምድጃ፥ ፌሮውን መሮ፥ የወዳደቀውን ሁሉ ዕቃ የሚያደርጉት እጆች የዚህ ሁሉ ታሪክ ወራሾች ናቸው።

የኛም ሰፈር፥ ስሙን የሰጠው ያለ ሽቦ የሚያነጋግረው የራዲዮ ጣቢያ ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተተከለበት ይህ የደቡቡ የከተማ በር፥ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲና እስከ አቃቂ ድረስ ፋብሪካና መጋዘን የተደረደረበት በመሆኑ፥ ብረት በየቤቱ የገባበት ነው። ጡረተኛው በያዘው ሙያ መካኒክ ወይም የቶርኖ ሠራተኛ ባይሆን እንኳ ጎረቤቱ ነበረ፤ ሞረድና መጋዝ የሚያውሰው አያጣም። ቄራም ቅርብ ስለ ሆነ ለእጀታ የሚሆን ቀንድ ይገኛል። ቀንድን ቀቅለው ሲያለሰልሱት እንደ ፈለጉ ይታጠፋል፥ አባቶቻችን ለጠጅ ዋንጫ ያደርጉት የነበረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን መልክ ጠብቆ ይጠነክራል፥ ሲወለወልም ውስጡ ማር የመሰለ ብርሃን ያወጣል። ቀንድ ያልወደደ ወይራ ወይም ዋንዛ ይጠርባል።

ከባሌስትራ ቢላዋ የማውጣቱን ነገር እንደሚገባው ለመናገር እፈልጋለሁ፥ ደስታው ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነውና። ባሌስትራ ከመቶ እጅ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ካርቦን ያለበት ጽኑ ብረት በመሆኑ ስለት ይይዛል፤ ፌሮ ግን ካርቦኑ ትንሽ ስለ ሆነ የቱንም ያህል ቢስሉት ለቢላዋነት አይሆንም። ቁራጩ በምድጃው ብርቱካን መልክ እስኪይዝ ይግላል፥ በጉጠት ተይዞ በመስፉ ላይ ይረዝማል፥ በአንድ ወገን ይሳሳል፥ ጭራው ለእጀታው ይቀጥናል። ቅርጹ በሞረድ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣው የመንከሩ ሥራ ነው፥ ልብም የሚመታው በዚህ ጊዜ ነው። ብረቱ እንደገና ይግላል፤ ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፥ የቀድሞ ሰዎች ይህን በዓይናቸው ብቻ ያውቁት ነበር። ከዚያ ጥቂት አልፎ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ቶሎ ከሆነ ልል ሆኖ ይቀራል፥ ከዘገየም ይሰባበራል፥ ለባሌስትራ ደግሞ በዘይት ፈንታ ቀዝቃዛ ውሃ ያመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ጣ የሚል ድምፅ ሰምቶ ሥራውን ይሰናበታል። በደኅና የወጣው ብረት ሞረድ እስኪያንሸራትት ድረስ ይጠነክራል፥ ነገር ግን ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ነው፤ ስለዚህ በ200 ዲግሪ ግድም ባለ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ይለዝባል፥ ፊቱም የገለባ መልክ ይይዛል። የመጨረሻው መሳያ ድንጋይ ነው፥ እርሱም ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ለምን ያስደስታል ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፥ በተለይም ቢላዋ ከገበያ በቀላሉ የሚገዛ ሲሆን። በመሥሪያ ቤት ዘመኔ የሠራሁት ሁሉ የሌሎች ፊርማ የሚያስፈልገው ነበር፤ ጥሩ የሆነውም ያልሆነውም በማኅተም ይመሳሰል ነበር። ብረት ግን የሥራ ደረጃ አያውቅም፥ ቀለሙን ሳልጠብቅ ከነከርሁት ልመናዬን አይሰማም፥ ከጠበቅሁት ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይሻ ስለት ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ላይ ሳለሁ የማይዋሽ ነገር ማግኘቴ ጸጋ ነው። የፈረንሣዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ከዙፋኑ እየሸሸ ቁልፍና መዝጊያ ይሠራ እንደ ነበር ይታወቃል፥ ዐፄ ምኒልክም መሣሪያና ሰዓት መፍታትና መግጠም ይወዱ ነበር፤ በሰው ልብ ላይ መንገሥ አስቸጋሪ የሆነበት ሁሉ በዕቃ ላይ እውነት ይፈልጋል ብዬ አስባለሁ።

የሀገራችንም የሽምግልና ሥርዓት ለዚህ እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ሰው ሲሸመግል ቆብ ደፍቶ ወደ ገዳም ይገባ ነበር፤ እዚያም ለጸሎት ብቻ አይተዉትም፥ ከታላቁ አባት ከእንጦንስ ዘመን ጀምሮ መነኮሳት በጸሎት መካከል ገመድና ሰሌን እየታቱ፥ መስቀል እየቀረጹ ኖረዋል። በሥራ የተያዘ እጅ ሐሳብን ይሰበስበዋል። ምድጃው ፊት ተቀምጬ የቀለሙን መለወጥ ስጠብቅ ያለፈ ቂም፥ የሚመጣ ሥጋትም አይገኝብኝም፤ ልክ ያ ቀለም እስኪመጣ ድረስ ጽሙና ነው።

ግን በዚህ ደስታ ውስጥ የሚቈረቍረኝ ነገር አለ። ይህን ሥራ የተማርሁት በሰፈራችን መንገድ ዳር ከሚሠራ፥ ዕድሜው ከልጄ ከማይበልጥ፥ አባቱም አያቱም በሰሜን ሸዋ ብረት ከቀጠቀጡ ሰው ነው። እርሱ በሀገር ልማድ «ጋሼ» ይለኛል፤ እኔ ግን ብረቱን በያዘበት ጊዜ ሁሉ፥ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ መምህሩን እንደሚጠራ፥ «የኔታ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ሲሰማው ደንግጦ ነበር፥ ማሾፍ መስሎት። ማሾፍ አለመሆኑን ሲያውቅ፥ ለብዙ ጊዜ የሸሸገኝን የመንከሩን ነገር አስተማረኝ፤ አያቱ ይህን ለውጭ ሰው እንዳያሳዩ ማለውበት ነበረ፥ ምክንያቱም ሰዎች ሥራቸውን ወስደው ስማቸውን ብቻ ለእነርሱ ይተዉላቸው ነበር። አያቱ በሥራው ይደሰቱ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው ቈም ብሎ አሰበና፥ ጥሩ ማረሻ ያወጡ ቀን ለማንም ሳይናገሩ ሲያንጐራጕሩ አባቱ ሰምተዋቸው እንደ ነበር ነገረኝ።

በዜና መዋዕሎቻችን ውስጥ የንጉሡ ሰይፍ፥ የጦረኛው ጦር፥ የመድፉም ክብደት ተጽፏል፤ ይህን ማንጐራጐር የጻፈ ጸሐፊ ግን አላገኘሁም። የእኛ የጡረተኞቹ ደስታ የሚጻፈው፥ በፈቃዳችን ስለ ሠራነውና ስለ ተማርን ነው፤ የነርሱ ደስታ ያልተጻፈው ደስታ ስላልነበራቸው አልነበረም። ስለዚህ አሁን ከመዶሻው ጎን ደብተር አስቀምጫለሁ። የኔታ ከአባቱ የሰማውን ይነግረኛል፥ እኔ እጽፋለሁ። የመሣሪያዎቹን ስም፥ የወናፉን አሰፋፍ፥ የትኛው እንጨት ጽኑ ከሰል እንደሚሰጥ፥ ማረሻ ከወገሉ ጋራ እንዴት እንደሚገጥም ጨርሰናል፤ አያቱ ከአፈር ብረት ያወጡ የነበሩበት ነገር ግን ለክረምት ተቀጥሯል፥ በክረምት ከሰሉ ስለሚረጥብ ሥራው ይቀዘቅዛልና፥ አባቱም ያን ጊዜ ከሀገር ቤት መጥተው ራሳቸው ይነግሩናል ብለዋል።